በአንድ ጥማድ በሬ የተገመተው ሰዓት

«አንች ፊደል እንጅ ዕቃ አታውቂም።»

ይህን ፊት ለፊቴ የነገሩኝ የፍኖተ ሰላሙ ሰዓት ሠሪ ጋሽ ኑሩ ናቸው። ያችን ጥቁር ማጉያ አንድ ዐይናቸው ላይ እንደሰኩ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ ነው የተናገሩት። ሌላ ሰው ቢለኝ መልስ አላጣም ነበር፤ አፌ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ያን ቀን ግን ጎንበስ ብዬ ሰዓቱን አየሁ። እጃቸው ላይ የነበረው ሰዓት የአባቴን አንድ ጥማድ በሬ ይዞ ሊሄድ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ እንዲሄድ ያደረግሁትም እኔው ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጊዜው ስድሳ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ባለፈ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፍኖተ ሰላም አክስቴ ቤት ተቀምጬ አሥረኛ ክፍል ጨርሻለሁ። የአክስቴ ባል ወደ ሌላ አገር ሲዛወር ቤቱ ተዘጋና፣ ከቡሬ በሽንዲ በኩል ሁለት ሰዓት በእግር ወደሚያስኬደው ቀያችን ተመለስሁ። መመለሱን እንጅ መቀመጡን አልቻልሁበትም። ውሃ ልቀዳ ወርጄ ወንዙን ተሻግሬ እገኛለሁ። ጥጥ ልፈትል ተቀምጬ እንዝርቱን ጥዬ በር ላይ እቆማለሁ። አባቴ አቶ ቸኮል ይባላሉ፤ በዕድሜያቸው ግን ቸኩለው አያውቁም። እናቴ «የአባትሽ ስም የወጣው አንች ላይ ነው» ትለኝ ነበር።

ስለዚህ ዘለቀ ሽማግሌ ሲልክ እሺ ያልሁት በፍቅር አይደለም፤ ለምን እዋሻለሁ። ዘለቀ የቡሬው እህል ነጋዴ የአቶ አላምረው ልጅ ነው። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ትቶ ከአባቱ ጋር ሚዛን ላይ ይቆማል። ቡሬ መኪና ያልፍበታል፤ ምክንያቴ ይኸው ነበር። መልኩም አይከፋም፤ ሲስቅ ደግሞ ሰው ያስቃል።

በእኛ አገር ጋብቻ በእኩል ማጫ ነው። የወንዱ ወገን የሚያመጣውን ከብትና ዕቃ ገማቾች ይገምቱታል፤ የሴቷም ወገን ልኩን ያመጣል፤ ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ የተጋቢዎቹ ጎጆ መውጫ ይሆናል። ገማቾቹ ሁለት ከዚያ፣ ሁለት ከዚህ ናቸው፤ በመካከላቸው ደግሞ ሁለቱም ወገን የሚያምነው አንድ ሰው ይቀመጣል። የእኛ መካከለኛ የደብራችን ቄስ አባ ይርዳው ነበሩ።

ግምቱ ሐሙስ ዕለት በግቢያችን ተደረገ። አቶ አላምረው አንዲት ጊደርና አንዲት በቅሎ አስነድተው መጡ። ገማቾቹ ጊደሯን ዳበሷት፤ የበቅሎዋን ከንፈር ገልጠው ጥርሷን አዩ፣ ወዲያና ወዲህ አስኬዷት፣ ተስማሙ። አባቴ በዚያ ልክ ሁለት ላሞች አቀረቡ። እስከዚህ ድረስ ሁሉ ነገር ደግ ነበር። ከዚያ አቶ አላምረው ከደረት ኪሳቸው የታጠፈ መሐረብ አወጡና ፈቱት።

የሴት የእጅ ሰዓት ነው። ፊቱ አራት ማዕዘን ሆኖ ጫፎቹ ክብ ያሉ፣ ቀለሙ ቢጫ፣ ማሰሪያው ላብ ያጠቆረው ቆዳ፤ በውስጡ አንዲት ቀይ ሰከንድ ቆጣሪ ትሮጣለች።

«የወርቅ ሰዓት ነው» አሉ አቶ አላምረው። «ከአሥመራ የመጣ። ለሙሽሪት።»

ገማቾቹ ተቀባበሉት። ከመካከላቸው ሰዓት አስሮ የሚያውቅ አንድም አልነበረም። አንደኛው ጆሮው ላይ አስጠጋና «ይሄዳል» አለ፤ ልክ ለበቅሎዋ እንደመሰከረው። ሁለተኛው ጠርዙን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገ።

«ተልጧል እኮ» አለ። «ያረጀ ነው።»

«ካረጀማ ተፈትኗል» አሉ አባ ይርዳው። «ቀንበር ያላየ ወይፈን ነው አብልጠህ የምትገምት፣ ወይስ ሰባት ክረምት ያረሰ በሬ? አርጅቶም ከሄደ ደግ ዕቃ ነው።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እንዳትስቁ፤ ያን ጊዜ ለእኔም ልክ መስሎ ታይቶኛል።

አንደኛው ገማች ሰዓቱን ገለበጠው። «ጀርባው ላይ ጽሕፈት አለ። የፈረንጅ ነው።»

አባቴ ቀና አሉ። «ልጄ ታንብበው» አሉ። «የተማረች ናት።»

እንዲህ ያለ ሸንጎ ላይ ሴት ልጅ፣ ያውም ሙሽራይቱ፣ አትጠራም። ተጠራሁ። ነጠላዬን አስተካክዬ ወጣሁና ሰዓቱን ተቀበልሁ። ዘለቀ ከአባቱ ኋላ ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ያፈረ መሰለኝና ወደድሁት።

የሠሪውን ስም ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ከሥሩ የተጻፈውን ግን አወቅሁት፤ ከመዝገበ ቃላት የሸመደድሁት ቃል ነው። ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«አሥራ ሰባት ዕንቁ አለው ይላል።»

«ስንት?»

«አሥራ ሰባት።»

«ዕንቁው የታለ?» አለ ሁለተኛው ገማች። «እኔ አንድም አላየሁ።»

«በሆዱ ነዋ» አልሁ። «ውድ ነገር ከውጭ አይደረግም።»

ይህን የመጨረሻውን ጀርባው ላይ አላነበብሁትም። ማንም ጨምሪ ሳይለኝ ከራሴ ጨመርሁበት።

ከዚያ ገማቾቹ ተንሾካሾኩና ቆረጡ፤ አንድ ጥማድ በሬ። አባቴ ያላቸው አንድ ጥማድ ብቻ ነው፣ ወይኖና ጉራች። ሌላ በዚያ ልክ የሚቀርብ ነገር ቤታችን ውስጥ አልነበረም። እኔን የሚያንገበግበኝ የአባቴ ፊት አለመጨለሙ ነው። በራ። ልጃቸው የፈረንጅ ጽሕፈት በሽማግሌ ፊት አንብባለች።

«ይሁን» አሉ። «ወይኖና ጉራች።»

ውሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሊጻፍ ተቀጠረ። ሰዓቱ እዚያው እጄ ላይ ታሰረ።

ዓርብ ጧት ልብስ ላጥብ ወንዝ ወረድሁ። ሰዓቱን ፈትቼ ድንጋይ ላይ አኖርሁት። አንዲት ነጠላ ሳልጨርስ ዞር ብዬ ባየው ቆሟል። አነሣሁት፤ ሄደ። መልሼ አኖርሁት፤ ጥቂት ሄደና ቀይዋ ቆጣሪ እንደተረገጠች ጉንዳን ተንቀጠቀጠች፣ ቀጥ አለች። ሞላሁት፤ ያው ነው። እዚያው ወንዝ ዳር ቁጭ ብዬ አምስት ስድስት ጊዜ ሞከርሁት።

ሐሙስ ለምን እንዳልቆመ ያን ጊዜ ገባኝ። ሐሙስ ከእጅ እጅ ሲዞር ነበር። ከዚያ ወዲህ ደግሞ የታሰረው እኔ እጅ ላይ ነው፤ እኔ አልቀመጥም። ስተኛ ቆሞ እንደሆነም ማን ያውቃል፤ ቀያችን ውስጥ የሚያመሳክሩበት ሌላ ሰዓት የለም።

ልብሱን እርጥቡን ይዤ ወደ ቤት ሮጥሁ። እናቴ ጌሾ ትወቅጣለች።

«እሜ፣ ይህ ሰዓት የታመመ ነው።»

«ሰዓት ይታመማል ወይ?»

«ይቆማል እኮ።»

«አንች መቆም ያቃተሽን እርሱ ቢቆም ምን ቸገረሽ።» ከዚያ ሙቀጫውን ተወችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ። ሙሽራ የመጣላትን አትመዝንም። አባትሽ በሰው ፊት ይሁን ብለዋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አርፈሽ ተቀመጭ።»

«ግንቦት ሊገባ ነው እኮ፣ እሜ። በምን ሊያርሱ ነው?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። በሬ የሌለው ሰው ሁለት ቀን ለሰው ጉልበቱን ሰጥቶ አንድ ቀን በሬ ይዋሳል። አባቴ ደግሞ ስድሳ ሊሞላቸው ነው፤ የሰው እርሻ ላይ የሚውል ወገብ አልነበራቸውም። እናቴ ሙቀጫውን መልሳ ያዘች።

«ቡሬ ሄጄ ቀሚሴን ልለካ» አልኋት። ውሸት ነው፤ እርሷም ሳታውቀው አልቀረችም።

ቡሬ ጤፍ የጫነ መኪና አገኘሁ። ሾፌሩ ቀና ብሎ እጄን አየና «ወርቅ አስረሽ በጭነት መኪና ትሄጃለሽ?» አለኝ። «ስንት ሰዓት ነው በይ?» በዚያ መንገድ እየተንገጫገጨ ሰዓቱ ያለ ምንም ሕመም ይሮጣል። ነገርሁት። እስከ ፍኖተ ሰላም ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፣ ሦስቴም ነገርሁት። እንዲህ ሲሮጥ ሳየው ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል እያልሁ ነበር።

የጋሽ ኑሩ ሱቅ አክስቴ ትኖርበት ከነበረው ቤት ፊት ለፊት ነው። አንድ በር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ በርጩማ፤ ግድግዳው ላይ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ አምስት ስድስት ሰዓቶች። ተማሪ ሳለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ በራቸው ላይ ቆሜ አያቸው ነበር።

«ፈንታነሽ» አሉኝ። «ልታገቢ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«ውሉ እሑድ ነው። ጋሽ ኑሩ፣ ይህን ይገምቱልኝ።»

መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው። ከዚያ ሰዓቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዞሩት። «ወርቅ ቅብ ነው» አሉ። «ቅቡ ጠርዙ ላይ አልቋል፤ ይህ ነጩ ብረቱ ነው። ወርቅ ቢሆን ሲያልቅም ወርቅ ነው።»

«ዕንቁ አለው እኮ! አሥራ ሰባት!»

በመጀመሪያ የጻፍሁትን ያሉኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ በስስ ቢላ ክዳኑን ፈነቀሉና ማጉያውን አወለቁልኝ።

«ነይ እይው። ያችን ቀይ ነጥብ አየሻት? ጥርሳሞቹ መንኮራኩሮች የሚዞሩት እርሷ ላይ ነው፤ ብረት ብረትን እንዳይበላ። ድንጋዩ ፋብሪካ የሠራው ነው። አሥራ ሰባቱን ሰብስበሽ ብታፈሽው አንድ ቁንጥር ጤፍ አይሞላም። ግማሹ የአገሩ ሰዓት ይኸው ተጽፎበታል።» ፈገግ አሉ። «ላም አለኝ በሰማይ ይሉት ነገር ነው።»

«ዋጋውስ?»

«ለሚያስረው ሰው እንደ ምኞቱ ነው። እኔ የምገዛው ከሆነ፣ የአንድ ጠቦት ዋጋ። ያውም አንችን ስለማውቅ።»

አንድ ጠቦት። ወይኖና ጉራች አንድ ጠቦት።

ክዳኑን ሊመልሱ ሲሉ እጃቸው ቆመ። የክዳኑን ውስጥ ወደ ብርሃን አዘንብለው ዐይናቸውን አጠበቡ። በመርፌ የተጫረች፣ ከቅንድብ የቀጠነች ጽሕፈት ነበረች።

«ይህች የእኔ እጅ ናት» አሉ። «የከፈትሁት ሰዓት ውስጥ ወሩን እጭራለሁ። ይህን በኅዳር ከፍቼዋለሁ።»

«ማን አመጣው?»

«ከቡሬ የመጣ ጎረምሳ። አባቱ እህል ይነግዳል። ከሾፌር ገዛሁት አለኝ። ዘይቱ ደርቋል፣ ሲወዘወዝ ይነቃል፣ ሲቀመጥ ይተኛል፤ ላጽዳልህ አልሁት። መጀመሪያ ዋጋውን ጠየቀኝ። ጠቦት አልሁት። ሳያስጸዳው ስቆ ሄደ።» ጥቂት አሰቡና፣ «ሲስቅ ሰው ያስቃል» አሉ።

በሩ ላይ ሄጄ ቆምሁ። መንገዱን አየሁ፤ ተመለስሁ፤ እንደገና ሄጄ ቆምሁ።

«ላጽዳልሽ?» አሉኝ ከኋላዬ። «ከአንች ዋጋ አልፈልግም። እንደ አዲስ ይሄዳል።»

«አይንኩት። እንዳለ ይሁን።»

ቡሬ ስደርስ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር። ዘለቀ መጋዘኑ በር ላይ የዳጉሳ ጆንያ ሚዛን ላይ ያደርጋል።

«ሙሽራ እንዲህ ገበያ ለገበያ ትዞራለች እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። «ሰው ምን ይላል?»

«ጋሽ ኑሩ ሰላም ብለውሃል።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ፤ ዐይኑ ግን ተወው። ጆንያውን ለቀቀና ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገኝ።

«ታውቅ ነበር» አልሁት።

«ወርቅ ነው ያሉ አባቴ ናቸው። ዕንቁ አለው ያልሽ አንች ነሽ። እኔ ምን አልሁ? እኔ ዝም ነው ያልሁ።»

«አዎ፣ መሬት መሬት እያየህ።»

«ታዲያ ምን ልበል? ሙሽራዬን በሽማግሌ ፊት ውሸታም ላድርጋት?» ቀረብ አለኝ። «ተይው፣ ፈንታ። በሬዎቹ ባዕድ ቤት አይገቡም። የአንችና የእኔ ናቸው። አንች ቤት ነው የሚመጡ።»

የከፋኝ ይህ ነው፤ እውነቱን ነበር። አንድ አፍታ፣ አንድ አፍታ ብቻ፣ ያን ቤት አየሁት። ቡሬ መንገድ ዳር፣ ቆርቆሮው የሚያበራ፣ መኪና በበሩ የሚያልፍ፤ ጓሮው ውስጥ ወይኖና ጉራች። ከዚያ አባቴን የሰው ማሳ ላይ ጎንበስ ብለው አየኋቸው። ጥዬው ሄድሁ። ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍሁት አልናገርም፤ በግቢያችን ያልረገጥሁት ድንጋይ አልነበረም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው ተሰበሰበ። ውል ጸሐፊው ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቀለሙን አዘጋጀ። ወይኖና ጉራች ከበረቱ ደጃፍ ታስረው ያመነዥካሉ። እኔ ከጓዳ ወጣሁ። ማንም አልጠራኝም።

«አባ ይርዳው፣ አንድ ነገር እንድናገር ይፍቀዱልኝ።»

«ሙሽራ ናት ወይስ ጠበቃ?» አለ አንዱ ከአቶ አላምረው ወገን። ተሳቀ።

«ግቢ» አሉኝ አባቴ በቀስታ።

«አልገባም፣ አባዬ።» እንቢ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

አባ ይርዳው መስቀላቸውን እንደያዙ እጃቸውን አነሡ። «ሐሙስ እኛው ጠርተን ሰማናት። ዛሬ ራሷ መጣች። የሐሙሷን ከሰማን የዛሬዋንም እንስማ።»

ሰዓቱን ፈታሁና ከውል ጸሐፊው ሰሌዳ አጠገብ መደቡ ላይ አኖርሁት። «ሐሙስ በቅሎዋን አስኬዳችሁ ገመታችኋት። ሰዓቱን ግን ተሸክማችሁት ነው የሄደው። እስኪ ዛሬ ማንም ሳይነካው ይሂድ።»

ራሶች ተደፉ። ያ ሁሉ ጥምጥም፣ ያ ሁሉ ጋቢ በአንዲት ቀይ መርፌ ላይ ተደፋ። ሄደች፣ ሄደች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ቆመች።

«ሳይሞላ ነው!» አሉ አቶ አላምረው።

«ይሙሉት» ብዬ ሰጠኋቸው።

በወፍራም ጣታቸው ሞሉትና አኖሩት። ከበፊቱ ረዥም ሄደ። በጣም ረዥም። ካልቆመ ምን እላለሁ? አንድ ሰው አስነጠሰ። ማንም ይማርህ አላለውም። ቀይዋ ቆጣሪ ግማሽ ዙር ወጣች፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዘለለች፣ ቀረች።

«ተኛ» አለ አንደኛው ገማች። «የለም፣ ይህስ በሬ አይደለም። ዕንቁውስ?»

«ዕንቁ ያልሁት እኔ ነኝ» አልሁ። «ፊደሉን እንጅ ዕቃውን አላውቀውም ነበር። በሆዱ ነው ያልሁትም ከራሴ ነው። ፍኖተ ሰላም ወስጄ አስከፈትሁት። አንድ ጠቦት ነው። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ አይደሉም።»

አባቴን ላለማየት ፈልጌ ነበር፤ አየኋቸው። ያ ሐሙስ የበራው ፊት እንደ ቤት ተዘጋ።

አባ ይርዳው ዙሪያውን አዩ። «ከዚህ ከተቀመጣችሁት ይህን አስቀድሞ የሚያውቅ ነበር?»

ዘለቀን አየሁት። እኔ ልናገርበት እችል ነበር፤ አልተናገርሁም፤ ጠበቅሁት። ቢናገር፣ አንዲት ቃል ብቻ ቢናገር፣ ያኔ ሌላ ሴት ሆኜ ቡሬ እኖር ነበር። መሬት መሬት አየ።

«እኛ ሰው አናታልልም» አሉ አቶ አላምረው። «ጠቦት ነው ካላችሁ በጠቦት ይገመት።»

«ተስተካከለ እንግዲህ» አሉ አባ ይርዳው፤ ሁሉም ትንፋሹን ለቀቀ። «ወይኖና ጉራች ይቅሩ፤ ጠቦት በጠቦት ይተካ። ጻፍ።»

«የኔን ስም አይጻፉት» አልሁ።

«ምነው ልጄ? ምን ጎደለ?»

«ሰዓቱን ገመታችሁልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቀረውን እኔ ገምቼዋለሁ።»

ዘለቀ ቀና አለ። አባ ይርዳው እርሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ለውል ጸሐፊው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀለሙን ከደነ። አቶ አላምረው ሰዓቱን መሐረባቸው ውስጥ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ። ጊደራቸውንና በቅሏቸውን ነድተው ሄዱ።

አንባቢዎቼ፣ ጀግና ነበርሁ ልላችሁ አልጻፍሁትም። በሬዎቹን ያስገመትኋቸው እኔው ነኝ፤ ያስመለስኋቸውም እኔው ነኝ፤ ሲጣፋ ዜሮ ነው። ዘለቀን አንዳንድ ጊዜ አስበዋለሁ። እኔ ተናግሬ አሳሳትሁ፣ እርሱ ዝም ብሎ አሳሳተ፤ የማን ይከፋል ብትሉኝ ዛሬም አላውቅም። የማውቀው የኔ ስሕተት መመለሱን፣ የእርሱ አለመመለሱን ነው። ከዚያ ወዲህ ሰው ወረቀት ይዞ ሲመጣና «አንብቢልን» ሲለኝ የተጻፈውን አነባለሁ፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። «ምን ማለት ነው?» ሲሉኝ «የሚያውቅ ይክፈተው» እላለሁ። እናንተም የተማረች ልጅ በሰው ፊት ስታነብ ብትሰሙ አታጨብጭቡላት፤ ከየት አወቅሽው በሏት። ዛሬ ጋሽ ኑሩ ሱቅ ውስጥ ሁለት በርጩማ አለ፤ ሁለተኛዋ የኔ ናት። «ሴት ሰዓት ትፈታለች?» ብሎ ቆሞ የሚያይ አይጠፋም። አሁንም ብዙ አልቀመጥም፤ በየመካከሉ ተነሥቼ በር ላይ እቆማለሁ፣ እርሳቸውም ለምደውታል።

ወደዚያ ለመሄድ የወጣሁት ውሉ በፈረሰ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። አሥራ አንዱን ቀን አባቴ አላናገሩኝም። እናቴ ቆሎ ቋጥራልኝ ዘንቢሌን ይዤ በማሳው ዳር ሳልፍ እርሳቸው ያርሳሉ። መሬቱ የመጀመሪያውን ዝናብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሰላምታ ሳልሰጥ ላልፍ ስል ወይኖንና ጉራችን አቆሙ።

«የተማረችው» ብለው ጠሩኝ።

ዞርሁ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?»

ባዶ እጄን አየሁ፤ ከዚያ ጥላዬን አየሁ።

«ሦስት ሰዓት ይሆናል፣ አባዬ።»

«አነበብሽው ወይስ ገመትሽው?»

«ገመትሁት።»

«ደግ» አሉና ጅራፋቸውን አነሡ። በሬዎቹ ትልሙን ይዘው ሄዱ። እኔም ዘንቢሌን ወደ ሌላው እጄ አዛውሬ የቡሬን መንገድ ያዝሁ።